ከሰማይ የወረደው በርሜል ባለቤት

ለሰማይ ጽዳት መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤና፣ ጣሪያዎንም በሙሉ ቆርቆሮው እንዲያገኝልኝ እመኛለሁ። እኔ ፊደል በራሴ የለየሁ፣ ስለ መሥሪያ ቤትዎ በጋዜጣ የወጣውን ሁሉ የማነብ ባሏ የሞተባት ሴት ነኝ። ስለዚህ ትናንሽ ሳተላይቶችዎ ያለ አዛዥ ራሳቸው እየፈለጉ፣ ሞተው በጠፈር የሚዞሩትን የሮኬት ስብርባሪዎች ይዘው ወደ ታች እንደሚገፉ፣ ስብርባሪውም መሬት ሳይደርስ ተቃጥሎ እንደሚያልቅ አውቃለሁ። አንዱ ግን ሳያልቅ፣ ጓሮ ልብስ ሳሰጣ፣ ጣሪያዬን በስቶ መኝታ ቤቴ ገብቷል። በርሜል የሚያክል የነዳጅ መያዣ ነው።

አንደኛ፣ በርሜሉ ያረፈው ሟች ባለቤቴ ይተኙበት በነበረው የአልጋ ጎን ስለሆነ፣ ለዓመታት ባዶ የኖረውን ቦታ ስለሞሉልኝ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ የላኩት ተቆጣጣሪ ጨዋ ልጅ ነው። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ፤ በርሜሉን ለክቶ ሲያበቃ፣ «ባለቤቱስ፣ እናቴ?» አለኝ። እኔም የጠየቀኝ ስለ ባሌ መስሎኝ፣ «ባለቤቴማ ሞተዋል» አልኩት። ነፍስ ይማር ብሎ መዘገበ። ከዚያ በኋላ የደረሰኝ ትእዛዝ እንደሚለው፣ የበርሜሉ ባለቤት በሞት ስለተለዩ ወራሻቸው ክረምት ሳይገባ ታነሣዋለች፤ ካላነሣችው ክፍሉ ይታሸጋል። ባለቤቴ ዕድሜ ልካቸውን ከአንድ ብስክሌት በቀር የምንም ባለቤት አልነበሩም። ሮኬት እንዳወረሱኝ የሰማሁት ከእርስዎ ነው።

ስህተቱን ላስረዳ ቢሮዎ ብመጣ፣ በመስኮቱ ያለችው ልጅ የጠፈር ዕቃ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እንደማይነካ፣ ሕጉም ለሰማይም ለምድርም አንድ እንደሆነ በትሕትና አስረዳችኝ። «ባለቤቱ ይቅረቡ» አለች። ቢቀርቡ ከእኔ በላይ የሚደሰት የለም፤ እኔም የምነግራቸው ነበረኝ።

ሦስተኛው ቅሬታ አይደለም። ሳተላይትዎ ማንም ሳይጠራት ፈልጋ እንደምትደርስ ሳነብ ጋዜጣውን አጥፌ አስቀመጥኩት። እኔ ባለቤቴ በሞቱ ዕለት ከዚያው አልጋ ሲጠሩኝ፣ ይህችን ገጽ ልጨርስ ብዬ የዘገየሁ ሴት ነኝ። ገጹን ጨርሼዋለሁ።

ስለዚህ በርሜሉ ይነሣልኝ፣ ቆርቆሮው ይመለስልኝ፣ የባለቤቴም ስም ከሮኬት ባለቤትነት ይሰረዝልኝ ስል በታላቅ አክብሮት አመለክታለሁ። ሦስቱም ከከበዱ ግን ክፍሉን ብቻ አያሽጉብኝ። የምቀመጥበት ሌላ ክፍል አለኝ፤ እሳቸው የተኙበት ሌላ ክፍል ግን የለኝም።

ከእግርዎ በታች፣ ከሳተላይቶችዎም እጅግ በታች የምትገኘው፣

የሟች ባለቤት

ከፊርማ በኋላ፦ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። የተረቱን የመጀመሪያ ግማሽ እርስዎ ሽረውታል። ሁለተኛውን ለመሻር፣ ቀዳዳው ብርሃን ስለሚያስገባልኝ፣ አልጋዬ ላይ ሆኜ የክስ ሕጉን እያነበብኩ ነው።