ጉዳዩ፦ ጣሪያዎ ላይ ያሉትን ሦስት የቁራ ጫጩቶች ይመለከታል

ለክቡር አቶ ገብረአረጋዊ
የጋራ መኖሪያ ቤቶቻችን ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር
ልደታ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ፈጣሪ ጤናዎን፣ በተለይም የጉልበትዎን ጤና፣ አብዝቶ እንዲሰጥዎ እመኛለሁ፤ በመጪው እሁድ ከአራተኛ ፎቅ ቤትዎ በብረት መሰላል ጣሪያ ላይ ወጥተው የቁራ ጎጆ ሊያፈርሱ እንደሆነ ከማስታወቂያ ሰሌዳው አንብቤያለሁና ጉልበት ያስፈልግዎታል። እኔ ዕፀገነት ኩማ እባላለሁ፤ ከእርስዎ ሕንፃ ትይዩ ባለው ባለ ሰባት ፎቅ ስድስተኛው ላይ የምኖር፣ ቀን ቀን ፍርድ ቤት ውሳኔ የምተይብ፣ በተረፈኝ ሰዓት ደግሞ ስለ ሰፈራችን ቁራዎች በኢንተርኔት ብሎግ የምጽፍ ነዋሪ ነኝ። ብሎጉ ስለ ቁራ ብቻ ነው። ስለ እርግብ የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ ይቅርታ ጠይቄ አሰናብተዋለሁ።

ይህንን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍኩት እርስዎን ለመዳፈር ብዬ አይደለም፤ ከዚህ ቀደም በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች የቁራ መልእክተኛ ሆነው ስለቀሩብኝ ነው። ከቁራ ጋር የምውል ሰው እንደመሆኔ ይህን አባባል በቀላሉ የምጠቀምበት እንዳይመስልዎ።

1ኛ/ በቅድሚያ ምስጋና። ብሎጉን የዛሬ ስምንት ወር ስጀምር አንባቢዎቼ ሁለት ነበሩ፤ አንዷ እኔ፣ ሌላዋ እህቴ ፀዳለ፤ እሷም ብትሆን የምታነበው እንዳልቀየማት ነው። ሰው ይወቀው ብዬ አንዲት ቁራጭ ወረቀት በግቢያችን ሰሌዳ ላይ እንድለጥፍ ፈቃድ ስጠይቅ፣ የተከበረው ኮሚቴ ጉዳዩን በአጀንዳ ይዞ፣ ሁለት እሁድ ተሰብስቦ፣ በቃለ ጉባዔ አስፍሮ፣ ብሎጉ በአካል እንዲቀርብለት ወሰነ። ብሎግ በአካል የሚቀርብ ነገር አለመሆኑን ለማስረዳት ብሞክርም፣ ማኅተም ሊያርፍበት የማይችል ጽሑፍ ኮሚቴው ሊያውቀው እንደማይችል በትሕትና ተነገረኝ። አርባ ሁለት ገጽ በሦስት ኮፒ አሳትሜ አቀረብኩ። እርስዎም ሳይሰለቹ፣ አንድ ገጽ ሳይዘሉ፣ ሁሉንም በክብ ማኅተም መቱት፤ ገጽ አሥራ ሰባት ላይ ያለችው እናት ቁራ ከነምንቃሯ ማኅተሙ ሥር ገብታ፣ ዛሬ በልደታ ሕጋዊ ሰውነት ያላት ብቸኛ ወፍ ሆናለች። አንዱን ኮፒ ፋይል ውስጥ አኖሩ፣ አንዱን ለእኔ መለሱ፣ አንዱን ደግሞ ከነማኅተሙ ሰሌዳው ላይ አስለጠፉት። ማኅተም ያለበትን ወረቀት ሳያነብ የሚያልፍ ነዋሪ የለምና፣ ውኃ የሚጠፋበት ቀን የተለጠፈ መስሎት የቆመው ሁሉ ስለ ቁራ አንብቦ ሄደ። ዛሬ አንባቢዎቼ ሁለት መቶ ሰባት ደርሰዋል፤ ከጌጃ ሰፈርና ከአብነት የቁራ ፎቶ የሚልኩልኝም አሉ። የማስታወቂያ ባለሙያ ብቀጥር ኖሮ ይህን ያህል አይሠራልኝም ነበር።

2ኛ/ ከኮሚቴው ቁጥር ተሰጥቶት በደረሰኝ ማስጠንቀቂያ፣ ቁራ አቅርባ በምታይበት ባይኖኩላር የነዋሪዎችን ገመና ታያለች ተብያለሁ። ክሱን በአክብሮት ተቀብዬ የምለው ቢኖር፣ ስምንት ወር ሙሉ ያየሁት ቁራ ብቻ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ የሚሰጣውን ባለ መስመር ሰማያዊ ፒጃማ አላየሁም፤ ግራ ጉልበቱ ላይ መጣፉንም አላየሁም፤ የማን እንደሆነ ብጠየቅ የማውቀው ነገር የለም።

3ኛ/ ባለፈው ወር የግማሹ ሕንፃ ቴሌቪዥን በኳስ መሀል ድርግም ባለ ጊዜ፣ የዲሹን ገመድ የበጠሰው ቁራ ነው ተባለ። በሥራዬ ብዙ ውሳኔ ተይቤያለሁ፤ ተከሳሽ ሳይጠራ፣ ምስክር ሳይሰማ እንዲህ ፈጥኖ የተዘጋ ፋይል ግን አላጋጠመኝም። ከሦስት ወር በፊት ኮሚቴው ያመጣው የዲሽ ሠራተኛ በራሱ መሰላል ወጥቶ ገመዱን ሳያጠብቅ፣ የቆራረጠውንም ሽቦ እዚያው በትኖ ሲወርድ ከመስኮቴ አይቻለሁ። ሦስተኛ ፎቅ ለሚኖሩት ለወይዘሮ ነጅማም ደረጃው ላይ ሲያገኛቸው፣ ነገ መጥቼ አስተካክለዋለሁ ብሏቸው ነበር። ያ ነገ እስከ ዛሬ አልመጣም። ቁራዎቹ ያደረጉት ቢኖር የወዳደቀውን ሽቦ ለቅመው ጎጆ መሥራት ነው፤ ጣሪያው በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ የጸዳውም ያኔ ነው።

4ኛው ከአቤቱታ ይልቅ አድናቆት ነው። የጣሪያው አሸንዳ ተደፍኖ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር የላይኛው ፎቅ ሰዎች ባልዲ ሲደረድሩ ሦስት ዓመታቸው ነው። ይጠረግልን ባሉ ቁጥር የጣሪያው ቁልፍ የለም፣ ቁልፉን የያዘው ሰው የለም፣ ሰውየው ክፍለ ሀገር ነው፣ ተመልሷል ግን ለቅሶ ላይ ነው ይባላሉ። ቁራ ጎጆ ሠራ በተባለ በማግስቱ ግን ቁልፉ ተገኘ። መሰላሉም ተገኘ። እሁድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ጎጆው ይነሳል የሚል ማስታወቂያም ተለጠፈ። ለካ ይህን ሁሉ ዓመት የተጉላላነው ቁራ ሆነን ባለመፈጠራችን ኖሯል።

ክቡር ሊቀመንበር፣ ይኼን ያህል ከተጫወትኩ ይበቃኛል፤ አሁን ልለምንዎ። ጎጆው ውስጥ ሦስት ጫጩቶች አሉ። ለመብረር ቢበዛ አሥራ አምስት ቀን ቢቀራቸው ነው። ከእንቁላል ጀምሮ አብሬያቸው ስለነበርኩ አንጀቴን ይበሉኛል፤ ይህን ስጽፍም አላፍርበትም። ጎጆው ለዘላለም ይኑር አላልኩም፤ ማስታወቂያው ላይ ያለውን እሁድ በሁለት እሁድ ያራዝሙልኝ። ከዚያ በኋላ እኔው ራሴ ወጥቼ አነሳዋለሁ፣ አሸንዳውንም አብሬ እጠርጋለሁ።

ልመናው የእኔ ብቻ እንዳይመስል አንድ ማስረጃ አያይዛለሁ። ብሎጌ ላይ ታዛቢ በሚል ስም ሐሙስ ሐሙስ አስተያየት የሚጽፍልኝ አንባቢ አለ። ሌላው ሰው ደስ ሲለው የሳቅ ምልክት አስቀምጦ ይሄዳል፤ ታዛቢ ግን ቁጥር ሰጥቶ፣ ቀን ጽፎ፣ ጉዳዩ የሦስተኛውን ጫጩት አቋም ይመለከታል ብሎ ይጀምራል። ሦስተኛው ከሁለቱ አንሶ ስለሚታይ ምግብ በአግባቡ እየደረሰው መሆኑ እንዲጣራ ያሳስባል፤ በመጨረሻም ከሰላምታ ጋር ብሎ ይዘጋል። ዝናቡ በበረታበት ሳምንትማ ሐሙስን መጠበቅ አቅቶት ሁለቴ ጽፏል። ማን እንደሆነ ለመገመት አልደፍርም። ቤቱ ከጣሪያ ሥር ሳይሆን አይቀርም፤ ጫጩቶቹ የሚጮኹበትን ሰዓት ከእኔ አብልጦ ያውቃል።

እንግዲህ እሁድ መውጣትዎ የግድ ከሆነ፣ እንዳይቸገሩ ልንገርዎ፤ ሦስተኛው በውኃ ሮቶው በኩል ጥጉን ይዞ የሚተኛው ትንሹ ነው። ዓይኑን ከገለጠ ወዲህ ጥላ ባለፈበት ቁጥር እናቱ የመጣች እየመሰለው አፉን ይከፍታል። እርስዎ ጎንበስ ሲሉበትም ይከፍትልዎታል።

የማኅተምዎ ቀለም እንዳይደርቅ፣ የተገኘውም ቁልፍ መልሶ እንዳይጠፋ እየተመኘሁ፣ ከስድስተኛ ፎቅ ቁልቁል ቢመለከቱትም ዝቅ የማይል አክብሮቴን ለክቡርነትዎ አቀርባለሁ።

ዕፀገነት ኩማ
የልደታ ቁራዎች ብሎግ አዘጋጅ፣ ፎቶ አንሺ፣ እስከ ቅርብ ጊዜም ድረስ የአንባቢዎቹ እኩሌታ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ነጅማ
ለማስታወቂያ ሰሌዳው (ማኅተም ስለሌለው ማንም እንደማያነበው ይታወቅልኝ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ታዛቢ በዚህ ሳምንት በቁጥር ዘጠኝ በጻፈልኝ አስተያየት፣ ሦስተኛው ጫጩት የሚበርበት ቀን በጽሑፍ እንዲገለጽለት ጠይቋል። የቀኑን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ። የሚሞሉት እርስዎ ነዎት።