የሰረዝኩት ፋይል አሁንም ይናገራል

ማክሰኞ

ለአቃቂ ሕዝብ በሙሉ ከባድ ዜና! የምሠራበት የእትዬ ዘነበች ኢንተርኔት ቤት ጋኔን ገብቶበታል። ጋኔኑ እኔ ነኝ፤ ግን ምስጢር ነው።

ትናንት ፕሮግራሙን የሠራልን ቢኒያም ዋናውን ኮምፒውተር ሲጠግን ቆይቶ ማኪያቶ ሊጠጣ ወጣ አለ። እኔ ቶሎ ብዬ የሰላምታውን ፋይል ከፈትኩና «እንኳን ደህና መጡ» የሚለውን «ከኋላህ ማን ቆሟል?» ብዬ ቀየርኩት። ለቶላ ብዬ ነው። ቶላ የማረሚያ ቤት ጠባቂ ነው፤ ሰው ሲጠብቅ ውሎ እኛ ጋ ፌስቡክ ይከፍታል። ቢኒያም ተመልሶ ማሽኑን አስነሳና «እንዳታጠፉት፤ ደግሞ ላይነሳ ይችላል» ብሎ ወደ አዳማ ሄደ። እትዬ ማብሪያው ላይ ፕላስተር ለጠፉበት።

ዛሬ ቶላ ገባ፣ አነበበ፣ ዞረ። ግድግዳ ብቻ። ኮፍያውን ጥሎ ወጣ። ሳቅ ሊገድለኝ!

ግን ምነው ማተሚያውም ሰዓት ቆጣሪውም ይህንኑ ይላሉ? ለመግቢያው ብቻ መስሎኝ ነበር።

ረቡዕ

አንዲት ተማሪ አለቀሰች። እትዬ ኪቦርዱን ሁሉ ጠበል ረጩት። ሁለት ኪቦርድ ሞቷል።

በቃ አልኩና ፋይሉን ሰረዝኩት። ከነስሙ።

ከሰዓት ቤቱ ጭር ሲል ማሽን ሦስትን ለሙከራ ከፈትኩ።

«ከኋላህ ማን ቆሟል?»

ፋይሉን ፈለግኩት፤ የለም። ደግሜ ከፈትኩ፤ ጽሑፉ አለ። ያኔ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አሁን የሚጽፈው ማን ነው? አልዞርኩም። አንገቴ እምቢ አለኝ።

ሐሙስ

መብራት ጠፋ። ጽሑፉም አብሮ ይጠፋል ብዬ ደስ አለኝ። ዋናው ኮምፒውተር ግን ባትሪ አለው፤ ጥግ ላይ ብቻውን ይተነፍሳል። መብራት ሲመጣ ጽሑፉም መጣ።

እትዬ «ቅዳሜ ማሽኖቹን የሚገዛ ሰው ይመጣል። እኔ ከመንፈስ ጋር አልነግድም» አሉ። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ልጅ ሌላ ሥራ ከየት ያመጣል?

ዓርብ

ለቢኒያም ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት። ሳቀ፣ ሰደበኝ፣ ከዚያ አስረዳኝ። ፕሮግራሙን የሚያነበው ነገር፣ ኢንተርፕሪተር ይለዋል፣ ፋይሉን የሚያየው ማሽኑ ሲነሳ አንዴ ብቻ ነው። ከዚያ በጭንቅላቱ ይይዘዋል፤ መግቢያውም ማተሚያውም ሲጠይቁት ያንኑ ያካፍላቸዋል። እኔ ብሰርዘው ባልሰርዘው ተመልሶ አያይም።

«ዋናውን ማሽን አጥፍተህ አብራ። ፋይሉ አለ አይደል?»

«ኧ... ሰርዤዋለሁ።»

«አንተ ከይሲ! ሲነሳ ፈልጎ ካጣው እኮ ምንም አይከፍትልህም!»

ፋይሉን እንደገና መስመር በመስመር በስልክ አስጻፈኝ።

ከዚያ ለእትዬ ተናዘዝኩ። ጆሮዬን ይዘው ማሽኑ ጋ ወሰዱኝ። «ላጠው ፕላስተሩን! ካልተነሳ አንተንም ከማሽኑ ጋር ነው የምሸጥህ።»

አጠፋሁት። ድምፁ ቀስ እያለ ሞተ። እትዬ አማተቡ። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ሁለታችን እንታያለን። እውነቴን ነው፣ ሦስተኛ ሰው ፈለግኩ። አበራሁት። ዝም። አሁንም ዝም። እትዬ እጄን ጨምቀው ያዙኝ።

«እንኳን ደህና መጡ» አለ።

«እንኳን ደህና ቆየኸን!» ብለው መለሱለት፣ ለማሽን!

ቅዳሜ

እትዬ ገዢውን ከበር መለሱት። ቶላ መጥቶ ኮፍያውን ወሰደ፤ አኩርፏል፣ ግን ማሽን ሦስት ላይ ቁጭ አለ። እኔ ወለል እየጠረግኩ ነው፤ ቅጣት ነው።

ሲታይ ጋኔንም የለ፣ ምንም የለ። ማሽኑ አልረሳ ያለው አንድ መስመር ነው። ይኼን ያህል ወረቀት የሚያስጨርስ ነገር አልነበረም።