በራሴ ሆቴል

ሰኔ 10 ቀን 1967
አንሶላ አጥበን አሰጣን። የደሴ መንገድ ሾፌሮች በማለዳ ሄደዋል፤ ዘጠኙም ክፍል ባዶ ነው። ዝናቡ ሳይመጣ ደረቀልን... ተመስገን።
ከሰዓት በኋላ ሙሴ ያኒ ሜትሩን ይዞ መጣ። በሽርክና እንሥራ የሚለኝ ግሪኩ። "ወይዘሮ ሙሉነሽ፣ ከተማው ስብሰባ በስብሰባ ነው፤ አልጋ የለም! ፎቅ አድርገን ሃያ ክፍል ብንጨምር፣ እንግዳው እንጦጦን በመስኮት እያየ ያድራል።"
ባሌ ኤጀታ ሳቀ። "ፋብሪካ በሚወረስበት ዘመን?"
"ትንሽ ሆቴል ማን ይነካል?" አለ ያኒ። እውነቱን ይሆን?

ሐምሌ 19
በራዲዮ ታወጀ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ። ትርፉ የመንግሥት።
ሆቴሉ አለ... ከየካ ሚካኤል በላይ ደግሞ የምንኖርበት፣ የኤጀታ አባት አቶ ኢቲቻ የሠሩት ቤት።

ሐምሌ 24
ተጣላን። ኤጀታ የአባቴን ቤት እናስመዝግብ ይላል። እኔ ሆቴሉን።
"ሆቴል እኮ መኖሪያ አይደለም፣ ሙሉዬ።"
"ከኖርንበት መኖሪያ ነው!"
አሸነፍኩ። የአባቱን ቤት ትርፍ ነው ብለን ቅጹን ፈረምን። ታፔላውን አወረድኩ፤ ድስቴንና የሠርግ ፎቶአችንን ይዤ ክፍል ቁጥር ሦስት ገባሁ። ኤጀታም ፍራሹን ተሸክሞ ተከተለኝ።

ነሐሴ 2
ያኒ ሊሰናበተኝ መጣ። አገሩ ሊገባ ነው። የሃያውን ክፍል ፕላን ትቶልኝ ሄደ። ምን ላድርገው?

ነሐሴ 21
ቤት መዝጋቢዎቹ መጡ። አለቃቸው፣ ባፈና የሚሉት ሰው፣ በጣቱ በሮቹን እየነካ ቆጠረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... የበሮቹን ቁጥር ሳልነቅል! ታፔላ አውርጄ ቁጥር እረሳለሁ?
"መኖሪያ ቤት በሩ ላይ ቁጥር ይለጠፋል እንዴ፣ ወይዘሮ?"
ሆቴሉ ተወረሰ።
"እሺ፣ ወደ ቤታችን እንመለሳለን" አለ ኤጀታ።
"የትኛው ቤት? ትርፍ ነው ብላችሁ የፈረማችሁበት?" አለ ባፈና።

ነሐሴ 22
ኤጀታ አያናግረኝም። ምነው በሰደበኝ...

መስከረም 9 ቀን 1968
የኤጀታ አባት ቤት ሌላ ሰው ገባበት። እኛ ቁጥር ሦስትን ከመንግሥት ተከራየን። አዲሷ የሆቴሉ ኃላፊ ሙሚና ትሑት ልጅ ናት። "ይቅርታ እትዬ፣ እንግዳ ሁሉ መመዝገብ አለበት" ብላ መዝገቡን ከፈተች። የእኔን መዝገብ! ረድፎቹን ያሰመርኩት እኔ ነኝ። ስም። ከየት መጡ። ወዴት ይሄዳሉ።
ኤጀታ ስማችንን ጻፈ። "ከየት" በሚለው ሥር "ከአባቴ ቤት" ብሎ ሞላ። ከዚያ እስክሪብቶውን ሰጠኝ።
"ወዴት የሚለውን አንቺ ሙዪው።"
ከነሐሴ ወዲህ ያናገረኝ ይኸው ነው።