ፊሽካ፦ ግማሽ ደመወዛቸውን ለሕፃናት እግር የሰጡት የአሳንሰር ባለሙያ

በወዳጅ ዘመድ ዘንድ «ፊሽካ» በሚለው ቅጽል ስማቸው የሚታወቁት የዛሬዋ ተሸኚያችን፣ ከሬዲዮ ጠጋኝ አባታቸውና በሆስፒታል ልብስ አጣቢነት ይሠሩ ከነበሩት እናታቸው፣ በ1949 ዓ.ም. ከአባታቸው ሱቅ ጀርባ ባለችው አንዲት ክፍል ተወለዱ። ለቤቱ ሦስተኛ ሴት ልጅ ነበሩ። አባታቸው ሙያቸውን ለወንድ ልጅ ለማውረስ ሲጠብቁ ኖረው አራተኛዋም ሴት ስትሆን፣ «በሉ እንግዲህ፣ ማን ነው ቀድሞ የሚመጣ?» ብለው ካቻቢቴያቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ ይባላል። እህትማማቾቹ እርስ በርስ ሲተያዩ ፊሽካ ላፍ አደረጉት። ከዚያች ቀን ወዲያ በቤቱ ያልተፈታ ነገር አልተገኘም። የግድግዳው ሰዓት ሁለት ጊዜ ተፈትቶ አንድ ጊዜ ብቻ ተገጥሟል።

የመጀመሪያና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሠፈራቸው ከተከታተሉ በኋላ በሙያ ትምህርት ቤት የኤሌክትሪክ ሥራን ተምረው በ1968 ዓ.ም. ተመረቁ። ከክፍሉ ብቸኛዋ ሴት እሳቸው ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት በአንድ የአሳንሰር ጥገና ድርጅት በረዳትነት ተቀጠሩ። በመጀመሪያው ቀን አንዱ ሠራተኛ «ሻዩን እዚያ አድርጊው» አላቸው። እሳቸውም ሻዩን አላመጡም፤ ሦስት ቀን ሙሉ አልነሣ ያለውን አሳንሰር ግን የበሩን መገናኛ ሽቦዎች በተማሪ ላጲስ ፈትገው አስነሡት። ሁለት ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከትተው ከጣራው ላይ ሲያፏጩ ምድር ቤት ያለው ባልደረባ ጆሮውን ይይዝ ስለነበር «ፊሽካ» የሚለው ስም በዚያው ዓመት ወጣላቸው፤ ወላጆቻቸው ያወጡላቸውንም ስም አስረስቶ ቀረ።

ሕይወታቸውን የለወጠው ቀን በ1974 ዓ.ም. መጣ። የአንድ ሆስፒታል አሳንሰር ተበላሽቶ ሊጠግኑ ሄደው ሳለ፣ አንዲት እናት የሁለት ዓመት ልጇን አዝላ አራተኛ ፎቅ ድረስ በእግሯ ወጥታ ደረጃው ላይ ተዘርፍጣ አገኟት። የልጅቷ ሁለት እግሮች ወደ ውስጥ ዞረው ውስጥ እግሮቿ እርስ በርስ ይተያዩ ነበር።

«ምን አሏችሁ?» ብለው ጠየቁ።

«ይድናል አሉን፤ ግን ተመለሱ አሉን» አለች እናትየዋ።

ይህ አነጋገር አልገባቸውም። ዘይት በጠጣው ቱታቸው የጀሶ ክፍሉን በር አንኳኩተው ገቡ። የጀሶ ባለሙያው፣ ሕክምናው ቀላል መሆኑን፣ በየሳምንቱ ጀሶ እየተቀየረ እግሩ ቀስ በቀስ እንደሚቃና፣ ከዚያም ልዩ ጫማ እንደሚደረግ፣ ነገር ግን ጀሶውም ጫማውም በቤተሰቡ ወጪ እንደሆነ አስረዷቸው። ዋጋውን ሲሰሙ ፊሽካ ክው አሉ። ለክረምት ሊገዙት ወራት ሙሉ ሲቆጥቡለት ከነበረው ካፖርት ያንስ ነበር።

ካፖርቱ ቀረ። ከሰባት ሳምንት በኋላ የመጨረሻው ጀሶ ሲቀደድ እሳቸውም ተገኙ። ልጅቷ የአልጋውን ጠርዝ ይዛ በውስጥ እግሯ ሲሚንቶውን ረገጠች። ፊሽካ በደስታ ሲዘሉ ግንባራቸው ከበሩ መቃን ጋር ተጋጨ፤ ጀሶ ይነከርበት በነበረው ውኃ ታጥበው በፋሻ ታስረው ወጡ። ሲወጡም ባለሙያውን ዞር ብለው «እንደሷ ያለ ስንት አለ?» አሏቸው።

«ወረፋው መንገድ ይሻገራል» አሉ ባለሙያው።

«እንግዲያው በየወሩ ጠብቁኝ!»

በመጀመሪያ ከደመወዛቸው ሲሶውን፣ በዓመቱ ደግሞ ግማሹን ለጀሶ ክፍሉ መስጠት ጀመሩ። ለአርባ ሁለት ዓመት አንድም ወር አልዘለሉም።

በ1976 ዓ.ም. በሙያቸው ልብስ ሰፊ የሆኑት ባለቤታቸው ለጋብቻ ሲጠይቋቸው፣ «ከደመወዜ ግማሹ የኔ አይደለም፤ አስብበትና ና» ብለው መለሷቸው። ሰውየው ሳምንት ሙሉ ጠፉ። ፊሽካም አበቃለት ብለው ነበር። በስምንተኛው ቀን መጥተው፣ «ጨርቅ ሲያንሰኝ አቆራረጤን እቀይራለሁ እንጂ ሰውየውን አላሳጥርም። እንችለዋለን» አሉ። በዚያው ዓመት ተጋቡ። በ1978 ዓ.ም. ሴት ልጃቸውን፣ በ1982 ዓ.ም. መንታ ወንዶች ልጆቻቸውን ወለዱ።

በ1990 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ የጀሶ ልጅ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷት በትምህርት ቤቶች የሩጫ ውድድር ተሰለፈች። ፊሽካ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃቸውን በእጃቸው ይዘው ከሜዳው ዳር ቆሙ። የመጨረሻው ዙር ሲደወል ልጅቷ ሰባተኛ ነበረች። አምስተኛ ሆነች፤ አራተኛ ሆነች። ፊሽካ አጥሩን ዘለው ከጎኗ እየሮጡ፣ እያፏጩ፣ «በርቺ! አንድ ቀረሽ! ያዣት!» እያሉ ጮኹ። አንድ ጫማቸው ወለቀ፤ ጥበቃው እያባረራቸው ነበር። ሦስተኛ ወጣች! ጥበቃው ደርሶ ክንዳቸውን ሲይዝ «ልጅዎ ናት እንዴ?» ቢላቸው፣ እያለከለኩ «ጉልበቱ የእናቷ ነው፤ ጀሶው የኔ!» አሉት። እሱም ጫማቸውን ፈልጎ አመጣላቸው።

በዚያ ጩኸት መካከል አጥሩ ሥር ብቻዋን የቀረችውን የራሳቸውን ልጅ ግን አላስተዋሉም። ይህን እሳቸው ራሳቸው ደጋግመው ይናገሩት ስለነበር ከታሪካቸው አልቀነስነውም። ባልደረቦቻቸው ቤት ሲሠሩ ቤተሰቡ በሁለት ክፍል ኪራይ ቤት ነበር የሚኖረው፤ እንግዳ ሲመጣ አልጋ ላይ ይቀመጣል። በ1994 ዓ.ም. አሥራ ስድስት ዓመት የሆናት ልጃቸው፣ የምታጠናበት ጥግ አጥታ፣ «እማዬ፣ እኔም እግሬ ተጣሞ ብወለድ ኖሮ ታይኝ ነበር?» አለቻቸው።

ፊሽካ በማግስቱ ከሥራ ቀርተው ባለቤታቸውንና ሦስቱን ልጆች አንድ ላይ አስቀመጡ። «ሃያ ዓመት ስሰጥ አንድ ቀን አልጠየቅኋችሁም። ጥፋቱ የኔ ነው። ግማሹን አልነካም፤ የቀረው ግማሽ ግን ከዛሬ ጀምሮ በእናንተም ቃል ነው» አሉ። መንታዎቹ በአንድ ድምፅ ብስክሌት ጠየቁ። በድምፅ ብልጫ ግን ሦስት ክፍል ያለው ቤት ተወሰነ፤ ሦስተኛዋም ክፍል የልጃቸው ሆነች። መንታዎቹ እስከ ዛሬ ድምፁ ተጭበርብሯል ይላሉ።

ያቺ ልጅ ዛሬ የሙዚቃ መምህርት ናት። እሷ የምትሰጠው ከደመወዟ አሥረኛውን ነው፤ ግማሽ ይበዛል ባይ ናት። እናትና ልጅ በዚህ ጉዳይ እሑድ እሑድ ሲሟገቱ ኖሩ። ፊሽካ የተረቱ ዕለት ፊታቸው ይበራ እንደነበር ባለቤታቸው ይመሰክራሉ።

በ1999 ዓ.ም. የጥገና ክፍል ኃላፊ ሆኑ። በ2009 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ የጡረታቸውንም ግማሽ መስጠት ቀጠሉ። በጀሶ ክፍሉ መዝገብ በእሳቸው ድጋፍ የታከሙት ልጆች ከአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ አልፈዋል። ሆስፒታሉ ስማቸውን በሩ ላይ ሊጽፍ ቢጠይቃቸው፣ «ስሜን ተዉትና በሩን አስፉት፤ ተሽከርካሪ ወንበር አያስገባም» አሉ። በሩ ሰፋ።

በመስከረም 2015 ዓ.ም. በኩላሊታቸው ላይ ዕጢ ተገኘ። ሕክምናው ውድ ስለነበር ልጆቻቸው እምቢ ይላሉ ብለው ፈርተው፣ የልመና ንግግር አዘጋጅተው መጡ። ፊሽካ ግን ንግግሩን አላስጨረሷቸውም። «እንዴ፣ ለምን እምቢ እላለሁ? መኖር እኮ እወዳለሁ! ያላችሁን ሁሉ አምጡ!» አሉ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ቀዶ ሕክምናው አሥራ አራት ወር ጨመረላቸው፤ ከዚያም ውስጥ አንዱንም ቀን በእንቅልፍ ያባከኑት አይመስለንም። አምስተኛውን የልጅ ልጃቸውን ታቀፉ፤ ከባለቤታቸው ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ባቡር ተሳፍረው ባሕር አዩ። ባሕሩ ውስጥም ከነልብሳቸው ገቡ።

ሕመማቸው ከተመለሰ በኋላ፣ ኅዳር 14 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት፣ በመኖሪያ ቤታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ከጎናቸው ሳሉ በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ዐረፉ።

ፊሽካ የአርባ ዓመት የትዳር አጋራቸውን፣ አንዲት ሴትና ሁለት ወንዶች ልጆችን፣ አምስት የልጅ ልጆችንና ሦስት እህቶችን ትተው ሄደዋል። የጀሶ ክፍሉ የዚህ ወር ድጋፍ ትናንት በልጃቸው እጅ ደርሷል፤ የደመወዟ ግማሽ ሆኖ። «ለዛሬ ብቻ ነው፤ ክርክሩ አላበቃም» ብላለች።

መኖርን እንዲያ የወደዱትን እናት፣ ፈጣሪ ዕረፍታቸውንም የሚወደድ ያድርግላቸው። ነፍሳቸውን በሰፊው ይቀበል፤ የናፈቅናቸውን ሁሉ ያበርታን።