በወገዳ የሺ፣ በአርብ ገበያ መሰለች

አስቀድሜ ቅሬታዬን አስመዘግባለሁ። ለምስክሮቼ የገብስ ቆሎ ቀርቧል፤ ለእኔ ግን ጥርስ የለህም ተብዬ ድምፁ ብቻ ደርሶኛል። የገዛ ገብሴን ሰው ሲቆረጥመው እየሰሙ መናዘዝ ምን ዓይነት ፍርድ ነው? ቄስ ወልደ ሩፋኤል፣ ይህንም ይጻፉልኝ። ቆሎ እንደ ቀረበት የሚያውቅ ሰው አእምሮው ደኅና ለመሆኑ ሌላ ማስረጃ አያሻውም።

እኔ እንየው ካሴ፣ በታች ጋይንት የአርብ ገበያ ነዋሪ፣ እግሬ ቢከዳኝም ልቡናዬ ሳይከዳኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ዛሬ ኅዳር 14 ቀን 1947 ዓመተ ምሕረት፣ በነፍስ አባቴ በቄስ ወልደ ሩፋኤል እጅ እያስጻፍሁ፣ በጭቃ ሹማችን በአቶ ይርጋና በጎረቤቴ በአቶ ጥላዬ ፊት ቃሌን ሰጥቻለሁ። ልጅ አልወለድሁም። ወራሾቼ እዚህ የተቀመጠው የወንድሜ ልጅ ሞላና ወደ ሲማዳ፣ ወገዳ የተዳረችው የእኅቴ የጌጤ ልጅ መሰለች ናቸው።

ቀዩ በሬ ከነሞፈር ቀንበሩ ለሞላ ይሁን። ጥቁሩም ይከተለው፤ አብረው ያረጁትን ጥንድ መለየት ነውር ነው። ከወንዙ በላይ ያለው የስንዴ መሬትም የእርሱ ነው። ቤቴና ከቤቱ በታች ያለው የገብስ መሬት የመሰለች ነው።

እዚህ ላይ ሞላ ጉሮሮውን ጠራረገ። «አጎቴ፣ ወገዳ ወርደው መሰለች የምትባል ሴት ቢጠይቁ አያገኙም። ያለችው የሺ ናት» አለኝ።

ይህን ለቀልድ አላለውም። ርስት የሚገኘው ሐረግ ተቆጥሮ ነው። ቆጣሪው በሸንጎ ቆሞ መሰለች ላይ ሲደርስ የሺ የምትባል ሴት ብትነሣ፣ «አንቺ ደግሞ የማን ነሽ?» ትባላለች። መሬቱም ያመልጣታል። ልጅቱ በተዳረች ጊዜ አማቷ ወይዘሮ ተሾመች እንደ አገሩ ልማድ ለምራታቸው አዲስ ስም አወጡላት፤ የሺእመቤት አሏት። ሺህ ሎሌ የሚታዘዝላት ማለታቸው ነው። ያን ጊዜ በቤታቸው የነበረው ሎሌ አንድ አህያ ሲሆን እርሱም አይታዘዝም ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሏም ጎረቤቷም የሺ ይላታል። ሰርጓን ያዩት የእኛ ሰዎች አብዛኞቹ አልፈዋል።

ስለዚህ የስሙን ነገር ላስረዳ። መሰለች በጋይንት ብርቅ ስም አይደለም። አንድ ቀን ገበያው መካከል ቆሜ «መሰለች!» ብዬ ብጣራ ጌሾ ሻጯም፣ ባቄላ ሰፋሪዋም፣ አንዲት መነኩሲትም «አቤት» አሉኝ። «የጠራሁት ቆንጆይቱን ነው» ብላቸው ሦስቱም ቀረቡ፤ መነኩሲቷ ቀደመች።

ስሙ የበዛው ሞት ስለበዛ ነው። እናት ወይም አያት ባረፈች ሰሞን የተወለደች ልጅ ፊቷ ይመረመራል፤ ዓይኗ ወይም ግንባሯ የሟቿን ከያዘ መሰለች ትባላለች። ነገር ግን ስሙ ማንን እንደ መሰለች አይናገርም። ያን የሚያውቀው ስም አውጪው ነው፤ እርሱ ሲሞት ስሙ ይቀራል፣ ነገሩ ይጠፋል። ከመሬቱ ጋር ይህንም ላውርሳት።

ጌጤ ታናሽ እኅቴ ነበረች። ፊደሉን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ቃርሜ ስመለስ «መጡ አለቃ!» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ልጅቱን በወለደች ሰሞን ሞተች። ሕፃኗ የእናቷን መልክ አልያዘችም፤ እውነቱን ለመናገር የመጣችው የአባቷን አፍንጫ ይዛ ነው። ክርስትና ስትነሣ ግን፣ ሌላው ሕፃን ሁሉ ሲያለቅስ፣ ከውኃው ወጥታ እኔን አየችና ሳቀች። ጌጤ በእኔ ላይ ብቻ የምትስቀው ሳቅ ነበር። መሰለች ያልኋት ለዚያ ነው፤ ፊቷን ብዬ አይደለም።

ወይዘሮ ተሾመችን አልወቅስም። አማት ስም ስታወጣ ልጄ ሆነሻል ማለቷ ነው። ልጅቱ ግን ከእነርሱ በፊትም የሰው ልጅ ነበረች። በወገዳ የሺእመቤት የምትባለው ሴት የጌጤ ካሴ ልጅ መሰለች መሆኗን በዚህ ኑዛዜ አረጋግጣለሁ።

አቶ ይርጋ ግን ራሱን ነቀነቀ። «አያ እንየው፣ እርስዎ ሲያልፉ ይህን ማን ያጸናዋል? እኛ ከሰርጓ ወዲህ አላየናት። ከባሏ አገር የሚመሰክር ሰው ያስፈልጋል።»

ሞላ ቆሎውን ዘገነ።

«ቤቶች!» የሚል ድምፅ ከደጅ ተሰማ። አያቁሙ አባ፣ ይጻፉ። አንዲት ባልቴት በትር ይዘው፣ እስከ ጉልበታቸው አቧራ ለብሰው ገቡ።

«ተሾመች ነኝ፣ ከወገዳ። መታመምዎን ሰምተን ነው። ምራቴ ወሯ ገብቷል፤ መንገድ አትችልም።»

ሞላ ፈጠን ብሎ «ምራትዎ ማን ትባላለች?» አላቸው።

«እኔ የሺ እላታለሁ፣ ልጄ። እሷ ግን ‹መሰለች ትስምዎታለች በሉልኝ› ብላ ላከችኝ። ስሙ እንዳይጠፋብኝ መንገዱን ሁሉ እያልሁት መጣሁ።»

የእኔ ቃል እዚህ ላይ ይበቃል።

ተናዛዥ፦ እንየው ካሴ፣ በእጄ ፈርሜያለሁ።
ጸሐፊ፦ ቄስ ወልደ ሩፋኤል።
ምስክሮች፦ ጭቃ ሹም ይርጋ፤ አቶ ጥላዬ፤ የመሰለች አማት ወይዘሮ ተሾመች፣ በጣታቸው።