ሳይከርም የተመታ ወለል

ለወንድሜ ለታውኖ፣

እንዴት ነህ? ባለፈው የጻፍክልኝ የወገብ ሕመም ለቀቀህ ወይ? ባለቤትህ አይሊ እንዴት ናት? ልጆቹስ በደህና ይማራሉ? የካናዳ ብርድ ከእኛ አገር አይብስም ትላለህ፤ እኔ ግን አላምንህም፣ ደርበህ ልበስ። እኔ በቁሜ አለሁ። የሚጠየቀው የባለቤቴ የሄልቪ ጤና ነው፤ እሱን ወደ ታች እነግርሃለሁ።

መጀመሪያ ለጥያቄህ መልስ ልስጥህ። ለአዲሱ ቤትህ የትኛው የወለል እንጨት ይሻላል ብለሃል። ሻጩ በሉጥ የሚሉትን እንጨት ማወደሱ ውሸት አይደለም። ጠንካራ ነው፤ የልጅ ልጅህም ይረግጠዋል። ግን ቀዝቃዛ ነው፤ በባዶ እግር ሲሄዱበት ባንክ ቤት የገቡ ይመስላል። በርች የሚሉት እንጨት ነጭ ነው፣ ያምራል፤ ውሃ ሲነካው ግን ይነፋል፣ ስለዚህ በጫማቸው በረዶ ይዘው ለሚገቡ ልጆች አይሆንም። ፓርኬ የሚሉት ቁርጥራጭ ሙጫው ሲያረጅ እንደ እኔ ጥርስ አንድ በአንድ ይነቀላል። እንጨት የሚመስለውን የፕላስቲክ ምንጣፍ ልታነጥፍ ካሰብክ ደግሞ ለእኔ አትጻፍልኝ። ጥድ ለስላሳ ነው፤ ወንበር ብትጎትትበት ይጫራል። ግን እግር ያሞቃል፤ በሳሙና በታጠበ ቁጥርም እየነጣ ይሄዳል። እኔ ጥድ እላለሁ። ይህን ያወቅሁት ትምህርት ቤት ገብቼ አይደለም፤ አርባ ዓመት በጉልበቴ ተንበርክኬ ነው።

አባታችን ያሳየንን አትርሳ። ጥድ ሲነጠፍ ወዲያው ሚስማር አይመታበትም። አንድ ሙሉ የበረዶ ወራት በምድጃው ሙቀት ልቅ ሆኖ ይተኛል፤ ይደርቃል፣ ይጠባል፣ አንዱ ጣውላ ከሌላው ይሸሻል። በበጋ ጣውላዎቹ ተገፍተው ይጠጋጋሉ፣ ያኔ ይመታሉ። “ወለሉ ይክረም” ይል ነበር።

አሁን ወደ ሄልቪ ልምጣ። ሚያዝያ ላይ ሆስፒታል ስትገባ የትልቁን ክፍል ወለል ነቀልኩት፤ በስብሶ ነበር። ስትመለስ አዲስ ትረግጣለች ብዬ ነው። ከሐይቁ ማዶ የቆረጥኩትን ጥድ ሰኔ ላይ አነጠፍኩት፤ እንደ ደንቡ፣ ሳልመታ። ነሐሴ ላይ ሐኪሙ ጠርቶ፣ ከእንግዲህ የምናደርግላት ነገር የለም፣ እሷም ቤቴን ትላለች፣ ውሰዳት አለኝ።

ቤቱ ለሄልቪ ይሆን እንደሆነ ልታይ ከሆስፒታሉ የመጣችው ነርስ ባዶ ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች ገባች። ሦስት እርምጃ ሳትሄድ ጎማው በሁለት ጣውላ መካከል ሰመጠ፤ የአንዱ ጫፍ ተነስቶ ቁርጭምጭሚቷን መታት። “አባባ፣ ይሄ ወለል ነው ወጥመድ?” አለችኝ። ጎረቤቴ ኦስሞ አብሮን ነበር። “አንተ ግትር ሽማግሌ፣ ምታውና ይውጣልህ!” አለ። ያልከረመ ጣውላ አልመታም፣ ለገና ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይከፍታል አልኩት። “ታዲያ ሄልቪ ጣቷን ልትከትበት ነው የምትመጣው?” አለኝ። ከቤቴ አስወጣሁት።

ማታውን ሄልቪ በስልክ “ወለሉ ደረሰ ወይ?” አለችኝ። በሚመጣው በጋ ይመታል አልኳት። ሳቀች። “ካሌርቮ፣ እኔ እኮ ጣውላ አይደለሁም። አልከርምም” አለችኝ።

ይህን ሰምቼም አምስት ሳምንት ቆየሁ፣ ታውኖ። ለምን እንደሆነ ላስረዳህ አልችልም። ስለ እንጨቱ ትክክል ነበርኩ፤ አሁንም ትክክል ነኝ። ባለፈው ሰኞ መዶሻውን አነሳሁ። ኦስሞን ይቅርታ አልጠየቅሁትም፤ ድምፁን ሰምቶ ሚስማር ይዞ መጣ። በሁለት ቀን ጨረስን። ሐሙስ ላመጣት ስሄድ ያችው ነርስ ኮሪደሩ ላይ አስቆመችኝ። ከአልጋ አትነሳም፣ መንገዱንም አትችለውም አለችኝ።

ሄልቪ ነቅታ ነበር። “መታኸው?” አለችኝ። መታሁት አልኳት። “ይከፈታል እኮ” አለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ከአናጺ ጋር የኖረች ናት። ይከፈት አልኳት። እጄን ይዛ ስታየው ቆየች።

ልምጣ ብለህ ቲኬት አትቁረጥ፤ በሕይወት አትደርስባትም። እኔ አሁን የምተኛው ከቤቱ ተለይታ ባለችው የእንፋሎት መታጠቢያ ጎጆ፣ ሳውናው ውስጥ ነው። ትልቁ ክፍል ውስጥ እሳት አላነድም፤ ከሞቀ ጣውላው ይሸሻል። ውርጩ ገብቷል፤ ጠዋት ጠዋት የባልዲው ውሃ በረዶ ለብሶ አገኘዋለሁ። ኦስሞ “ለማን ብለህ ነው?” አለኝ። እንደማትመጣ አውቃለሁ። ወለሉ ግን እስከ ዛሬ ጠዋት አልተከፈተም፤ ፀጉር አያስገባም።

አይሊን ሰላም በልልኝ፤ የላከችው የሱፍ ካልሲ ልክ ነው። ለልጅህ ለሬይኖ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ መላጊያ መያዝ ተምሮ ከሆነ ይጻፍልኝ። ትንሿን ልጅህን ሲርካን ሳምልኝ፤ ሄልቪም ሐሙስ ዕለት ስሟን አንስታ ነበር።

ወንድምህ ካሌርቮ

ሃውታቫራ፣ ካይኑ
ጥቅምት 8 ቀን 1978 እ.ኤ.አ.