ለአባላት በሚታወቅ ቦታ ስለሚደረገው የመጠጥ ማቆሚያ ስብሰባ

ለተከበሩ የሰፈራችን ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ ጤናዎ እንደ ጽሕፈት ቤትዎ የብረት በር የማይነቃነቅ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ግድግዳ ለሳኝ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ማንም ሳያግዘኝ በገዛ እጄ የጻፍኩት ሲሆን፣ በማታው የመሠረተ ትምህርት ክፍል እንደ እኔ ያለ የእጅ ጽሑፍ እንዳልታየ ክፍሉ በሙሉ ይመሰክራል፤ መምህራችን ዝም ያሉት ሌሎቹ እንዳይከፋቸው ብለው ነው። ለዚህ ማዕረግ ያበቃኝ የእርስዎ መሥሪያ ቤት ስለሆነ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. መጠጥ ለማቆም የሚፈልጉ ሰዎች ሐሙስ ማታ በግቢዎ እየተሰበሰቡ እንደሚረዳዱ ሰምቼ ስመጣ፣ የለጠፉት ወረቀት ከላይ እስከ ታች በጽሑፍ የተሞላ ነበር። ያን ጊዜ ጽሑፍ ለእኔ ግድግዳ ላይ የሚሄድ ጉንዳን ነበር። ዘበኛው መብራት ወዳለበት ሂድ አሉኝ፤ ሄድኩ። ብገባ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። አንዲት ሴትዮ እዚህ መምጣቷን ባለቤቷ እንደማያውቅ ተናገረች፤ አንድ አባት ችግሩን ከልጆቹ ደብቆ መኖሩን አወራ፤ መምህራችንም ማፈር አያስፈልግም፣ ትልቁ ነገር መምጣታችሁ ነው አሉ። ቦታውስ ይኸው ነው ብዬ ተነሣሁና፣ እኔም እንደናንተው ነኝ፣ ብቻዬን ታግዬ አቃተኝ ስል አጨበጨቡልኝ። ቾክ ሲያስጨብጡኝ የእጅ መንቀጥቀጥ መድኃኒት መሰለኝ። ሀ ሁ በሉ ሲባልም ለጉሮሮ ይሆናል ብዬ ከሁሉ በላይ ጮህኩ። መድኃኒቱም ሠራ፤ ወደ መጠጥ ቤት እሄድበት በነበረው ሰዓት ፊደል ስቆጥር መጠጡ ቀረ። ሌላ በሽታ ይዞ የመጣን ሰው በሌላ መድኃኒት ማዳን የእርስዎ መሥሪያ ቤት ብቻ የሚችለው ጥበብ ነውና እግዜር ይስጥልኝ።

፪ኛ. ማንበብ ስጀምር መጀመሪያ ያነበብኩት የክፍላችንን በር ነው፤ «የመሠረተ ትምህርት ክፍል» ይላል፤ የት ከርሜ እንደነበር ያን ዕለት ገባኝ። ቀጥዬ የእርስዎን ወረቀት አነበብኩ። ስብሰባው «ለአባላት ወደሚታወቅ ቦታ ተዛውሯል» ይላል። ቦታውን ለማወቅ አባል መሆን፣ አባል ለመሆን ደግሞ ቦታውን ማወቅ ያስፈልጋል ማለት ነው። ጸሐፊዎን ብጠይቃት የታካሚ ምስጢር ነው አለችኝ። ምስጢር እንዲህ ሲጠበቅ አይቼ አላውቅም፤ ከታካሚዎቹ እንኳ ሳይቀር ተጠብቋል። እኔ ግን ያው እኔ ስለሆንኩ አጥሩን ዘልዬ አገኘሁት። ከኋላ ባለው የዕቃ ግምጃ ቤት፣ በተሰባበሩ ወንበሮች መካከል፣ የመጠጥ ማቆሚያው ስብሰባ አማካሪ ብቻዋን ተቀምጣለች። ወንበር ልወስድ የመጣሁ መስሏት ፈርም አለችኝ። ፈረምኩ፤ በጣት አይደለም።

፫ኛ. ወደ ኋላ የሚያስገባው የብረት በር በሥራ መውጫ ሰዓት ይቆለፋል፤ ስብሰባው የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። አማካሪዋ ቀድማ ገብታ ይቆለፍባታል፤ እኔ በአጥር እገባለሁ፤ ግድግዳና እኔ እንግባባለን። የባለቤቴን ወንድም ግን አጥር ማዘለል አልችልም። ቆርቆሮ መቺ ነው፤ ጣሪያ ላይ ሆኖ ሲያፏጭ ስለሚውል ሰፈሩ ፉጨት ይለዋል። አሁን እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ፉጨቱም ቀርቷል፤ ሚስቱ ልጆቿን ጎረቤት ትታ ቀኑን ሙሉ ከታች መሰላሉን ይዛ ትቆማለች። ለምኜም ቀልጄም ሁለት ጊዜ አመጣሁት፤ ሁለቱንም ጊዜ በርዎን አንኳኩተን ተመለስን። በመመለሻችን ላይ መጠጥ ቤቱ አለ። እዚያ በሩ ላይ ብርጭቆ ተስሏል፤ ማንበብ አይጠይቅም። መብራቱ በርቷል፤ ባለቤቱ ደጅ ቆሞ ና እንጂ የኔ ጌታ፣ ጠፋህ እኮ እያለ ወንበር ይስባል። ፉጨት ሁለቱንም ጊዜ ገባ። በዚህ ሐሙስ ለመጨረሻ ጊዜ እሞክራለሁ፣ ከዚያ በኋላ እግሬን አላነሣም ብሎ ለእህቱ ነግሯታል። በነገር ሁሉ የሚቀልደው ሰው ይህን ሲናገር አልቀለደም።

፬ኛ ቁጥር አዘጋጅቼ ነበር፤ ለክብርዎ ስል ትቼዋለሁ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ በዚህ ሐሙስ ማታ የብረቱን በር ክፍት አድርገው እንዲያሳድሩልን በትሕትና እጠይቃለሁ። መብራቱን እኔ አመጣለሁ። ለማያነብ ሰው ምልክት ካስፈለገም፣ በሩ ላይ ወንበር እስላለሁ፤ ያልተሰበረ ወንበር። ደጅ ቆሞ ና እንጂ የኔ ጌታ የሚል ሰው መቅጠርም አያስፈልግዎትም፤ ለዚህ ሥራ ከእኔ የተሻለ አያገኙም።

ተቆልፈው ፊደል ባስቆጠሩኝ በሮችዎ ፊት ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣
ግድግዳ ለሳኙ፣
የማታው ክፍል ኩራት (ምስክሩ እኔ ራሴ)

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ መምህራችን ስለ ፉጨት ስነግራቸው፣ ሐሙስ በሩ ተቆልፎ ካገኛችሁት ወደ እኔ ክፍል ይዘኸው ና ብለውኛል፤ የእሳቸው በር አይቆለፍም። ፉጨት እኔን ያህል ባይሆንም ነገር ቶሎ የሚገባው ሰው ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ደብዳቤ የምንጽፍልዎ ሁለት ሆነን እንደሆነ እንዳይደነግጡ ከወዲሁ በአክብሮት አሳውቃለሁ።